ቱሪስት ሲቀር ጾሙን የማያድር ከተማ



የጎንደር አብያተ መንግሥታት እድሳት በተነሣ ቁጥር አንድ ሐሳብ ይደጋገማል፤ ሰላም ከሰፈነ ቱሪስቱ ይመለሳል፣ ቱሪስቱ ከተመለሰ ከተማው ይቃናል ይባላል። የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። ሁለተኛውን ግን የገዛ አካባቢያችን ታሪክ አያስቀብለኝም። ከእንፍራንዝ አጠገብ ኮረብታ ላይ የቆመው የጉዛራ ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ሠርፀ ድንግል ሲታነፅ ይህ አገር የነገሥታት መቀመጫ ነበር። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሩ የቤተ መንግሥቱ ወግ ወደዚያ ተሻገረ። እንፍራንዝ ግን ወዲያው አልጠፋችም፤ በ1690ዎቹ የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ሙስሊም ነጋዴዎች የሚኖሩባት፣ ዝባድ የሚሸጥባት የንግድ ከተማ ሆና አግኝቷታል። ጎንደርም በተራዋ ነገሥታቱ በዘመነ መሳፍንት ሲዳከሙ በመተማ በኩል ከሱዳን ጋር በነበራት ንግድና በአብነት ትምህርት ቤቶቿ ቆየች። ዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር አድርገው በ1859 ዓ.ም. እስኪያቃጥሏት፣ ደርቡሾችም በ1880 ዓ.ም. እስኪደግሟት ድረስ ነዋሪውን የያዙት ንግዱና ትምህርቱ ነበሩ።

ዛሬ የቤተ መንግሥቱን ቦታ ቱሪዝም ይዞታል። የቱሪስቱን መጥፋት በጦርነቱ ብቻ የሚያሳብቡ ወገኖች 2012 ዓ.ም.ን የረሱ ይመስለኛል። መጋቢት ላይ ኮሮና ሲገባ የሰሜኑ ጦርነት አልተነሣም ነበር፤ የጎንደር አስጎብኚና የደባርቅ በቅሎ አከራይ ግን ያኔም ሥራ ፈቱ። የቱሪስቱ ውሳኔ የሚወሰነው በሌላ አገር ነው፤ የአንድ መንግሥት የጉዞ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሆቴሉን ባዶ ያደርገዋል። በጎንደር አጠገብ ያለችውን የወለቃ መንደር እንመልከት፤ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ለጎብኚ የሚሸጡ ምስሎችን መሥራት ቀጠሉ። ጎብኚ ሲጠፋ የጥበቡ ገበያም አብሮ ይጠፋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግን በ1947 ዓ.ም. ከተጀመረው የጤና ኮሌጅ አድጎ ተማሪና ታካሚ በየዓመቱ ያመጣል፤ ከተማዋን ከሚደግፉት ምሰሶዎች አንዱ እርሱ ነው። ሌላው ምሰሶ ሩዝና ሽንኩርት የሚያመርተው የአካባቢው እርሻ ሊሆን ይገባል።

«መንገድ ሲዘጋ የሩዙና የሽንኩርቱ ገበያስ መቼ ይተርፋል?» የሚል መቃወሚያ ይነሣ ይሆናል፤ ከባድ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ይጎዳል። ነገር ግን ዛሬ ያልተከራየ የሆቴል አልጋ ገቢው ለዘለዓለም ቀረ፤ በጎተራ ያለ ሩዝ ግን መንገድ እስኪከፈት ይጠብቃል፤ ካልተሸጠም ይበላል። የፎገራ ሜዳ ሩዝ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት ለአብዛኛው ገበሬ እንግዳ ነበር። ዛሬ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ስለሚሆን ገዢው የአገሩ ቤተሰብ ሁሉ ነው፤ ወረታም የሩዝ መፈልፈያ ከተማ ሆናለች። ይህ ሁሉ ያለ ቱሪስት የመጣ ነው። ሽንኩርት ግን እንደ ሩዝ አይጠብቅም፤ ገበሬው ዋጋ በወደቀ ቀን ለመሸጥ የሚገደደውም ማከማቻ ስለሌለው ነው።

ቱሪዝም ይቀንስ አላልኩም፤ ደግ ዘመን ሲመጣ የሚያስገባውን ገንዘብ በሌላ ሥራ ላይ እናውለው እላለሁ። ከግንቦቹ መግቢያ ክፍያ የተወሰነ ድርሻ በሕግ ተለይቶ ለሽንኩርት ማከማቻና ለእህል መጋዘን ይዋል። ሆቴሎች የደምቢያን ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ፣ የፎገራን ሩዝ ከማኅበራት በውል ይግዙ። ጉዛራም ይጠገን፤ የጥገናው ዕቅድ ሲነደፍ ግን የእንፍራንዝ ገበያና መጋዘን በዚያው ዕቅድ፣ በዚያው በጀት ውስጥ ይግቡ።

አንባቢያችሁ፣ ከእንፍራንዝ