ጳጉሜን በሞንዛ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2025 ማክስ ቨርስታፐን የሞንዛን 53 ዙር ለመጨረስ የፈጀበት 1 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ነው። ሙሉ ርቀታቸውን ከሸፈኑ የፎርሙላ 1 ውድድሮች ሁሉ ከዚያ የፈጠነ የለም። ቪዛ ለምኖ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ በሦስት እጥፍ ዋጋ አልጋ ይዞ ለሄደ ሰው ግን 73 ደቂቃ ማለት ያው 73 ደቂቃ ነው። ሞንዛን የሚያስብ ሰው ከሞተሩ ጩኸት በፊትና በኋላ ያሉትን ሰዓታት ካላቀደባቸው ሒሳቡ አይወጣለትም።

የ2026ቱ የጣልያን ግራንድ ፕሪ ከነሐሴ 29 እስከ ጳጉሜን 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ይካሄዳል። ለእንቁጣጣሽ አገር ቤት መድረስ ይቻላል ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ዕቅዱ የሚጀምረው ከቪዛው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በ2024 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ለኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ መደበኛው የምላሽ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ሊገባ ስለሚችል፣ ክረምት እስኪገባ መጠበቅ በገዛ እጅ መዘግየት ነው። ሮተርዳም ወይም ፍራንክፈርት የሚኖር ዘመድ ይህ ጣጣ የለበትም።

ማደሪያው ሚላን ይሁን። ሞንዛ በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚርቀው። ፖርታ ቬኔዚያ የተባለው ሠፈር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የኤርትራውያንና የኢትዮጵያውያን መሰባሰቢያ ሆኖ የቆየ፣ እንጀራ የማይታጣበት፣ ከዋናው ባቡር ጣቢያ በእግር የሚደረስ ሠፈር ነው።

ብዙ ተመልካች የሚሳሳተው አርብና ቅዳሜ ጠዋት ነው። በር ሳይከፈት ተሰልፎ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። የፎርሙላ 1 ልምምድና የመነሻ ቦታ ማጣሪያው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። ጠዋቱን ለሞንዛ ከተማ መስጠት ይሻላል።

ሞንዛ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ባዕድ ታሪክ የላትም። ከባቡር ጣቢያው ወደ ውድድሩ ሥፍራ ሲኬድ ፒየርማሪኒ የተባለው አርክቴክት ከ1777 ጀምሮ የሠራው ቪላ ሪያሌ የተሰኘ ቤተ መንግሥት ይገኛል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በ1910 የተመረቀ የመታሰቢያ ጸሎት ቤት አለ። የጣልያን ንጉሥ ቀዳማዊ ኡምቤርቶ እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 1900 በጋኤታኖ ብሬሺ ጥይት የወደቀው እዚያ ነው። አዎ፣ ያው ኡምቤርቶ ነው፤ የውጫሌ ውል በስሙ የተፈረመለት፣ ጦሩ ዓድዋ ላይ ድል የተመታበት። ዙፋኑን የነቀነቀው የዓድዋ ወሬ ብቻ አልነበረም። በ1898 የዳቦ ዋጋ ያስመረረው የሚላን ሕዝብ አደባባይ ሲወጣ ጄኔራል ባቫ ቤካሪስ በመድፍ ደበደበው፤ ንጉሡም ጄኔራሉን ሸለመው። ብሬሺ ከአሜሪካ ተነስቶ የመጣው ያንን ደም ለመበቀል ነው። የፌራሪ ቀይ ባንዲራ ለብሶ በዚያ የሚያልፈው ደጋፊ አብዛኛው ዞር ብሎ እንኳን አያየውም፤ የእኛ ሰው ግን ቢቆም ምክንያት አለው።

በከተማዋ ካቴድራል ደግሞ የብረት ዘውዱ አለ። ናፖሊዮን በ1805 ሚላን ላይ በገዛ እጁ የደፋው ይኸው ዘውድ፣ ውስጡ ያለው ቀለበት ከክርስቶስ መስቀል ችንካር የተሠራ ነው ተብሎ ሲከበር ኖሯል። ቀለበቱ ሲመረመር ብር ሆኖ ተገኝቷል፤ ክብሩ ግን አልቀነሰም።

ወደ ውድድሩ ሥፍራ ሲገባ ውድ ወንበር የግድ አይደለም። ሣር ላይ የሚያስቀምጠው ርካሹ ትኬት የሞንዛ ካታንጋ ነው፤ ጩኸቱም ጨዋታውም እዚያ ነው። ከሁሉ በላይ እንደልብ መዘዋወር ያስችላል። ጫካው ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1955 የተሠራው አሮጌው ተዳፋት መንገድ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል፤ ፎርሙላ 1 ለመጨረሻ ጊዜ የተነዳበት በ1961 ነው። በእግር ልውጣው ያለ ሰው አናቱ ሳይደርስ ይንሸራተታል። መኪኖቹ ያንን በሙሉ ፍጥነት ይወጡት እንደነበር ማመን የሚከብደው ከሥሩ ቆሞ ላየው ነው።

እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ውድድሩ ተጀምሮ ሲያልቅ ወደ ባቡር መሮጥ ከንቱ ነው። ሕዝቡ ሽልማቱ የሚሰጥበት ሰገነት ሥር ለመድረስ መንገዱን ያጥለቀልቀዋል፤ ሻርል ለክሌር በ2019 እና በ2024 ፌራሪን ይዞ ሲያሸንፍ የነበረውን ማስታወስ ይበቃል። ሕዝቡ እስኪበተን መናፈሻው ውስጥ መቀመጥ ነው።

ሰኞ ማራኔሎ የፌራሪ ሙዚየም ልሂድ የሚል አይጠፋም። ቀኑ በባቡርና በአውቶቡስ ያልቃል፤ አይመከርም። ይልቅ ከሚላን በሞንዛና በሌኮ በኩል የሚያልፈው ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ የኮሞ ሐይቅ ዳር ያለችው ቫሬና ያደርሳል፤ ከዚያ በጀልባ ቤላጆ ቅርብ ነው።

የዳ ቪንቺን «የመጨረሻው እራት» ማየት የሚፈልግ ግን ለሰኞ አይተወው። ሥዕሉን በቡድን እየገቡ የሚያዩት ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ትኬቱ አስቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም፤ ሰኞ ደግሞ ዝግ ነው። ስለዚህ አርብ ጠዋት እንዲያየው ሐሙስ ሚላን መግባት የግድ ነው።