ቍስሉን ያልሰወረ ጌታ



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በግፍ ተፈርዶበት ተሰቀለ፤ በሦስተኛውም ቀን ሞትን ድል አድርጎ ተነሣ። ነገር ግን ከተነሣ በኋላ የችንካሩን ምልክት ከእጁ አላጠፋውም፤ በዳግም ትንሣኤ ዕለት ለቶማስ ያሳየው ይህንኑ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ 11 ቀን፥ በዚያው በዳግም ትንሣኤ እሑድ፥ እንጀራ ፍለጋ ወጥተው በሊቢያ ምድር የተያዙ ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ስለ ሃይማኖታቸው መገደላቸው ተሰማ። የፋሲካው ሰሞን ሳያልፍ በአዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር የለቅሶ ድንኳን ተተከለ፤ በአገሩም ሁሉ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ።

ድንኳን ግን ይነሣል፤ ለቀስተኛውም ወደ ቤቱ ይመለሳል። እናት ብቻዋን በቀረች ጊዜ፥ «ምን ሊሠራ ሄደ?» የሚል ቃል ከጎረቤት ይደርሳታል። ይህ በቍስል ላይ እንጨት መስደድ ነው፤ በደሉን ከገዳዩ አንሥቶ በተገደለው ላይ ይጭናልና።

ስለዚህ ትንሣኤን የሚያምን ቤት የተገፋውን ሰው ቍስል አይቶ አይለፍ። ከአርባው በኋላ፥ ከሙት ዓመቱም በኋላ እናቲቱን ይጠይቃት፤ ቡናዋን አብሯት ይጠጣ፤ የልጇንም ስም በፊቷ ለማንሣት አይፍራ። ሙታን እንደሚነሡ የምናምን እኛ ስማቸውን የቀበርን እንደ ሆነ፥ እምነታችን ከአፋችን አላለፈም።