ዳገት አሠልጣኝ አይሆንም

«የደጋ ልጅ ምን አሠልጣኝ ያስፈልገዋል? ዳገቱ ራሱ ያሠለጥነዋል።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ሰማኋት! በራዲዮ ሰምቻታለሁ፤ ቡና ቤት ተቀምጬ ሰምቻታለሁ፤ የስፖርት ኃላፊ የሆኑ ሰው በስብሰባ ላይ ደረታቸውን ነፍተው ሲናገሯትም አድምጫለሁ። እኔም ራሴ ጽፌያታለሁ፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። ለጊዜው ግን ዓረፍተ ነገሯ ውሸት መሆኗን ልናገር። ውሸት ብቻም አይደለች፤ ምቹ ውሸት ናት። ዳገቱ የሚያሠለጥን ከሆነ የመንግሥት በጀት፣ የባለሀብት ኪስ፣ የኔና የእናንተ ሐሳብ ሁሉ ከዕዳ ነፃ ወጣ ማለት ነው።

በጥር 2011 ዓ.ም. ከአንድ የሙያ ባልደረባዬ ጋር ላሊበላ ነበርኩ። የገናው ምእመን ተበትኖ ከተማዋ ጋብ ብላለች። ወደ አሸተን ማርያም የሚወስደውን ዳገት ተያያዝነውና ገና እኩሌታው ላይ ሳንደርስ ሁለታችንም ምላሳችን ወጣ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ስናለከልክ አንዲት የዐሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ከከተማ የተላከችውን ጨውና ሳሙና በነጠላዋ ቋጥራ፣ ኮንጎ ጫማዋን እያስጮኸች፣ ሽቅብ እየሮጠች አለፈችን። የገረመኝ መሮጧ አይደለም፤ የላስታ ልጅ ይሮጣል። የገረመኝ አፏ ዝግ መሆኑ ነው። ባልደረባዬ የእጅ ሰዓቱን እያየ «ይቺማ ጥሩነሽ ናት! ዳገቱ አሠልጥኗታል» አለ።

ማታ የስፖርት መምህሯን አገኘነው። ምልክቷን ነግረነው ሳንጨርስ አወቃት። በወረዳው የትምህርት ቤቶች ውድድር ሁለት ዓመት ተከታትላ አንደኛ ወጥታለች። ሁለቱንም ዓመት ለዞን ተመርጣለች፤ ሁለቱንም ዓመት አልሄደችም። አባቷ ከለከሉ።

እነሆ አላዋቂው ወላጅ ተገኘ! እኛ የጋዜጣ ሰዎች ይህን ገጸ ባሕርይ እንወደዋለን። ልጁ ባለተሰጥኦ፣ አባቱ ድንጋይ ራስ፤ ታሪኩ እንዲሁ ይጻፋል። በማግሥቱ ቤታቸው ድረስ ሄድን። ሰውየው ጠላ አስቀድተው ተቀበሉን፤ ነገሩንም ሳይሸሽጉ ተናገሩ። «ወንድምዓለም፣ እኔ ሩጫ አልጠላሁም። እሷ ስምንት ቀን ወልድያ ብትከርም በጎቹን ማን ያግዳል? ውኃውንስ ማን ይቀዳል? ደግሞስ ሴት ልጅ እዚያ ማን ዘንድ ነው የምታድረው?»

ሁለት የተማርን ሰዎች ተቀምጠን ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱን መመለስ አቃተን። ይልቁንም ባልደረባዬ ስለ ቀነኒሳ ያወራላቸው ጀመር። ሰውየው በትሕትና ሰሙት።

እስቲ ስለ ቀነኒሳ ከተነሣ እናውራ። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። አርሲ ውስጥ ያለችው በቆጂ 2,800 ሜትር ያህል ናት። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው አራት ወርቆች፣ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር፣ የወንዶቹ የቀነኒሳ በቀለ፣ የሴቶቹ የጥሩነሽ ዲባባ ነበሩ። ሁለቱም የበቆጂ አካባቢ ልጆች ናቸው። ነገሩ የዳገት ቢሆን ኖሮ ላስታ ምን ጎደለው? ቀዝቃዛው አየር አለ፤ ገብሱ አለ፤ ከትምህርት ቤት የራቀ ቤት ሞልቷል።

በቆጂ የነበረው ሌላ ነው። ስንታየሁ እሸቱ የሚባል አንድ የስፖርት መምህር ነበር፤ ከዓመት ዓመት ማለዳ ተነሥቶ ልጆችን ሰብስቦ የሚያሮጥ። ከመምህሩ ወዲያ ደግሞ ደመወዝ እየከፈሉ ሯጭ የሚቀጥሩ የአዲስ አበባ ክለቦች ነበሩ። ከሁሉም በላይ ደራርቱ ቱሉ ነበረች። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ካሸነፈች በኋላ የበቆጂ አባት ልጁን ከከብት ጥበቃ ሲለቅ ምን እንደሚያጣና ምን ሊያገኝ እንደሚችል በዓይኑ አይቶ ያመዛዝን ጀመር። ጥሩነሽማ የአክስቷ ወይም የአጎቷ ልጅ መንገዱን አቅንታ ነው የጠበቀቻት። የላስታው አባት የሚያመዛዝነው በምን አይቶ ነው?

የአበበ ቢቂላን ነገርም እንዲሁ አበላሽተነዋል። ሮም ላይ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ መሮጡን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። የክብር ዘበኛ ወታደር እንደነበረ፣ ኦኒ ኒስካነን የተባለ ስዊድናዊ አሠልጣኝ እንደነበረው ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ባዶ እግሩን እናወሳለን፤ ደመወዙን አናወሳም።

«ሀገሪቱ ድሃ ናት» የሚል ተከራካሪ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ ድሃ ናት። ነገር ግን በዚያው በሰሜን ወሎ፣ ወልድያ ላይ፣ በጥር 2009 ዓ.ም. ከ25,000 በላይ ተመልካች የሚይዝ፣ በባለሀብቱ በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የሚጠራ ስታዲየም ተመርቋል። ያማረ ስታዲየም ነው፤ መሠራቱን አልቃወምም። የምቃወመው ተመልካቹ የሚቀመጥበት ተሠርቶለት ተወዳዳሪዋ የምታድርበት መታጣቱን ነው።

ላሊበላ ላይ ለልጆች ስፖርት ይደርስ የነበረውን እርዳታ ልንገራችሁ? የቱሪስት ኳስ ነበር። ልጆቹ ፈረንጁን ይከቡና ለቡድናችን ኳስ ግዛልን ይላሉ፤ ይገዛል፤ ፈረንጁ ዞር ሲል ኳሱ ወደ ሱቅ ተመልሶ ብሩ ይከፈላል ይባል ነበር። ብዙ ሰው በዚህ ይስቃል፤ ሌላው ልጆቹን አጭበርባሪ ይላል። እኔ ግን ባለሱቁንም ልጆቹንም ለመውቀስ ድፍረቱ የለኝም። «ስፖንሰር» የሚለውን ቃል የላሊበላ ልጅ ከሀ ሁ እኩል ነው የሚማረው፤ ትርጉሙም የሚያስተምረኝ የውጭ ሰው ማለት ነው። ያም ቢሆን በኮሮናው ዘመንና በኋላ በመጣው ጦርነት ቱሪስቱ ሲቀር አብሮ ደረቀ።

ደግሞ መደገፍ ማለት መንዳት አይደለም። በከተማው ልጁን በዋንጫ ዓይን ብቻ የሚያይ ወላጅ አለ፤ ዕድሜ ቀንሶ የሚያስመዘግብም አለ፤ ደብተሯን አስጥሎ ካምፕ የሚያስገባም አለ። ከመቶ ሯጭ ልጆች ስንቱ ነው ኦሊምፒክ የሚደርሰው? የቀሩት ምን በልተው ይደሩ? ስለዚህ የሩጫ ድጋፍ ከትምህርት የሚያፋታ ከሆነ ቢቀር ይሻላል። ይህን ስጽፍ ያፍረኛልም፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተካሄደው ጦርነት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። የትምህርት ቤት ውድድር የሌለበት ወረዳ ሯጩን በምን ያውቃል? በሲድኒ፣ በ1993 ዓ.ም. መባቻ፣ አራት ወርቅ ነበረን። በሪዮ፣ በቶኪዮና በፓሪስ በያንዳንዱ አንድ አንድ ብቻ ይዘን ተመለስን። በየጊዜው ጠቡ ስለ ፌዴሬሽኑ ወንበር፣ ስለ ምርጫው፣ ስለ አሠልጣኙ ነው። ስለ በጎቹ ማንም አይጠይቅም።

እኔ የምለው ስለ በጎቹ ነው። በዚያ ምሽት መምህሩ አንድ ነገር ጠየቀን። «ጫማ ላኩላት እላችኋለሁ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። ጫማውን እኔም አላጣውም። ለአባቷ እረኛ የሚቀጥሩበት ቢገኝ፣ ከልጆቹ ጋር የምትሄድ አንዲት ሴት መምህር ብትመደብ፣ አበሉም ልጆቹ ከተመለሱ በኋላ ሳይሆን ከመሄዳቸው በፊት ቢሰጥ ይበቃኛል» አለ። የአንድ እረኛ የዓመት ቅጥር ስንት እንደሆነ ጠየቅሁት። ነገረኝ። እኔ ለአራት ቀን መኝታና ምግብ ካወጣሁት ያንስ ነበር።

አልሰጠሁም። አዲስ አበባ ተመልሼ ስለ ልጅቱ አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ ዳገቱ አሠልጣኟ እንደሆነም እዚያ ላይ ነው ያተትኩት። ጽሑፉ ተወደደ፤ ክፍያዬንም ተቀበልኩ።

በ2016 ዓ.ም. የስልክ መስመር ሲገኝ ለመምህሩ ደወልኩ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። ልጅቱ አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጥራለች፤ የትኛው ሰፈር እንደሆነ አያውቅም። ምን እንደምል ጠፋኝና «በጎቹስ?» አልኩት።

«የቱ በጎች? እነሱማ በ2014ቱ ጦርነት አለቁ» አለኝ።