«መጀመሪያ እንጀራ» ለሚሉን

ስለ ደቡብ ኮሪያ በአማርኛ የሚወጋ ወግ ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ማሳረጊያ አለው። ተናጋሪው የምጣኔ ሀብት ምሁር ይሁን፣ ጡረተኛ ይሁን፣ ወይም ሌሊቱን የኮሪያ ድራማ ሲያይ ያነጋ ወጣት፣ ነገሩን የሚቋጨው በዚህ ነው፦ «አየህ ወንድሜ፣ እነርሱ እኮ ከእኛ በታች ነበሩ። የቃኘው ሻለቃ ልጆች ሊያድኗቸው ሲዘምቱ የሚላስ የሚቀመስ አልነበራቸውም። ከዚያ አንድ ቆራጥ መሪ መጣና አፍ አዘግቶ አሠራቸው። መጀመሪያ እንጀራ፤ ነጻነት ኋላ ይደርሳል።» አድማጩም ራሱን ይነቀንቃል፤ ቡናው ይቀዳል፤ ወጉ ያልቃል።

እኔ ራሴን የምነቀንቅበት ትዕግሥት አልቆብኛል። ነገሩ ፍጹም ሐሰት ቢሆን ኖሮ ባልከበደኝ ነበር። ችግሩ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ጄኔራል ፓርክ ቹንግ ሂ በ1961 (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆች እቆጥራለሁ) በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዞ እስከ 1979 ሲገዛ አገሪቱ ፋብሪካና አውራ ጎዳና ሠርታለች፤ እህል አጥታ ስትለምን የኖረችው አገር በ1977 በሩዝ ራሷን ችላለች። ይህን አልክድም። የምጠይቀው የቀረውን ግማሽ ነው፦ እንጀራውን ማን ጋገረው? ማን በላው? ነጻነቱንስ ማን ይዞት መጣ? እንጀራን ያነሱት እነርሱ ናቸውና ክርክሩን እዚያው ማዕዱ ላይ እናድርገው።

በኮሪያ ቋንቋ «ባፕ» ማለት የበሰለ ሩዝ ነው፤ ማዕድም ነው፤ መተዳደሪያም ነው። እኛ «እንጀራ ፍለጋ ሄደ» ስንል ጤፍ ሊገዛ ሄደ ማለታችን እንዳልሆነ ሁሉ፣ እነርሱም «ባፕ በላህ ወይ?» ሲባባሉ ስለ ሩዙ ሳይሆን ስለ ሰውየው ደኅንነት መጠየቃቸው ነው። ታላቅ ማንኪያውን ሳያነሣ ታናሽ አያነሣም። ለራስ መጠጥ መቅዳት ያሳፍራል፤ የሚቀዳልህ ጎንህ ያለው ሰው ነው። ከሩዙ ጋር የሚቀርቡት ትንንሽ ማባያዎች በገበታው መካከል ለሁሉም ይቀመጣሉ፤ ሲያልቁም በምግብ ቤት እንኳ ብዙውን ጊዜ ያለ ተጨማሪ ሒሳብ ይደገማሉ። ማዕዱ ሲፈጠር የጋራ ነው። እንግዲህ «አፍ ያዘጋው» መሪ በዚህ ማዕድ ላይ ምን እንዳደረገ እንይ።

ሩዝ ባጠረበት ዘመን መምህራን የልጆችን ምሳ ዕቃ እየከፈቱ ሩዙ ከገብስ ጋር መቀላቀሉን እንዲቆጣጠሩ ታዘው ነበር። መንግሥት በሕፃን ምሳ ዕቃ ውስጥ ጣቱን ከከተተ ወዲያ ስለ ቆራጥነት ሊነገረኝ አይገባም። ደግሞ በሴኡል «የሰላም ገበያ» የሚባል ስፍራ ነበር። በዚያ ሰገነት ላይ፣ ቀና ብሎ መቆም በማይቻልበት ጣሪያ ሥር፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጃገረዶች ቀን ከሌሊት ልብስ ይሰፉ ነበር። ጆን ቴ ኢል የተባለ ወጣት ሠራተኛ ለአውቶቡስ በያዘው ሳንቲም ለእነዚህ ለተራቡ ልጆች የዱቄት ዳቦ እየገዛ ራሱ ወደ ቤቱ በእግሩ ይሄድ ነበር። ይህ ልጅ የጠየቀው አዲስ ሕግ አልነበረም፤ ቀድሞ የተጻፈው የሠራተኛ ሕግ ይከበር ነው ያለው። የሚሰማው አጣ። በ13 ኖቬምበር 1970 በ22 ዓመቱ ራሱን በእሳት አቃጠለ። «መጀመሪያ እንጀራ» የሚለን ሰው እስኪ ይንገረን፤ በዚያ ሰገነት ላይ እንጀራው ቀድሞ ደርሶ ነበርን?

ፓርክ ራሱ የሞተው ማዕድ ላይ ነው። በኦክቶበር 26 ቀን 1979 እራት እየበላ ሳለ የገዛ የስለላ ሹሙ ተኩሶ ገደለው። አስተያየት አልጨምርበትም።

አሁን ወደ ጓንግጁ። ጓንግጁ በአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ ያለች የጆላ ምድር ከተማ ናት። ጆላ የኮሪያ ጎተራ ነው፤ ስለ ምግብ ሲነሣ ተቀናቃኞቹ እንኳ «ጣዕም የጆላ ነው» ብለው ያምኑለታል። ነገር ግን ፋብሪካና መንገድ ሲታደል ሚዛኑ ያዘነበለው የፓርክ የትውልድ አካባቢ ወደ ሆነው ወደ ምሥራቁ ወደ ግዮንግሳንግ ነበር። አገር የመገበው ጆላ ልጆቹን ለሴኡል ሰገነቶች ሠራተኛ አድርጎ ላከ። «ተአምር» የሚሉት ዕድገት ከጓንግጁ ሲታይ ይህን ይመስል ነበር።

ፓርክ ከሞተ በኋላ ሥልጣኑን ጄኔራል ቹን ዱ ህዋን ነጠቀ። በሜይ 17 ቀን 1980 ወታደራዊ ሕጉ በመላ አገሪቱ ተዘረጋ፤ የጆላው ተወላጅ ፖለቲከኛ ኪም ዴ ጁንግም ታሰረ። በማግስቱ፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 10 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ በቾንናም ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ተማሪዎችና ኮማንዶዎች ተፋጠጡ። ወታደሮቹ መንገደኛውን ከተማሪው ሳይለዩ በዱላና በሳንጃ ወረዱበት። በ20ኛው ቀን ማታ የታክሲና የአውቶቡስ ሾፌሮች መብራታቸውን አብርተው በጉምናም ጎዳና ወደ ጦሩ ገሰገሱ። በ21ኛው ቀን ጦሩ በክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት ፊት በሕዝብ ላይ ተኮሰ። ሕዝቡም መሣሪያ አነሣ፤ ጦሩ ከከተማዋ ወጥቶ መንገዶቹን ሁሉ ዘጋ። ስልክ ተቆረጠ። ከተማዋ ከዓለም ተለይታ ብቻዋን ቀረች።

በዚያች በተዘጋች ከተማ የያንግዶንግና የዴይን ገበያ ነጋዴ ሴቶች ያደረጉትን ልብ በሉልኝ። ያላቸውን ሩዝ አዋጡ። ድስት ጎዳና ላይ ጣዱ። እጃቸውን በጨው ውሃ እያረጠቡ ሩዙን ጨብጠው አድቦለቦሉት፤ በካሚዮን ለሚያልፉት ወጣቶች አደሉት። በኮሪያ ስሙ «ጁሞክባፕ» ነው፤ «ጁሞክ» የተጨበጠ እጅ፣ «ባፕ» ሩዝ። ግጥም እየሞነጫጨርኩ ቃል ማሳደድ ልማዴ ነውና ለዚህ ስም አማርኛ ስፈልግ ብዙ አልደከምኩም። ጭብጦ አለልን! የእኛም ገበሬ ያችን ትንሽ ዳቦ ከ«ጨበጠ» ነው የሰየማት። የሩዝ ጭብጦ ልበለው።

ያ የሩዝ ጭብጦ የ«መጀመሪያ እንጀራ»ን ትምህርት ከሥሩ የሚነቅል ነው። ትምህርቱ የሚለን የተራበ ሰው ነጻነት አያምረውም፣ ነጻነት የጠገበ ሰው ቅንጦት ነው ነው። ጉሊት ላይ ተቀምጠው የዕለት ገቢያቸውን የሚቆጥሩ ሴቶች ግን የጠገቡ አልነበሩም። በዚያ ዓመት የአንድ ኮሪያዊ አማካይ ገቢ በዘመኑ ዶላር ከ2 ሺህ በታች ነበር። ያላቸው ሩዝ ብቻ ነበር፤ ሩዙን ለነጻነት ሰጡት። እንጀራና ነጻነት ወረፋ ይዘው አልቆሙም፤ በአንድ እጅ መዳፍ ውስጥ አብረው ተጨበጡ።

ሒሳቡንም እንሥራው ካላችሁ እንሥራው። ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ የመምረጥ መብት በ1987 አደባባይ ወጥቶ ሲያስመልስ አማካይ ገቢው ጥቂት ሺህ ዶላር ነበር። ዛሬ ከ30 ሺህ በላይ ነው። ስንቀና የምንውልበት ሀብት አብዛኛው የተቆለለው አፍ ከተከፈተ በኋላ ነው ማለት ነው። የ1987ቱ ነጻነትም ከጠገበ ሆድ የፈለቀ ስጦታ አልነበረም። የጓንግጁን ሙታን አንረሳም ያሉ ተማሪዎች ሰባት ዓመት ሙሉ እየታሰሩ፣ እየተገረፉና እየሞቱ ያመጡት ነው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። እኔ ቀኑን በባንክ መስኮት ጀርባ የምውል ሰው ነኝ፤ ይህን ሳላስተውል ማለፍ አይቻለኝም። በእነዚያ ቀናት ጓንግጁ ፖሊስ አልነበራትም፤ ጠመንጃ በየወጣቱ ትከሻ ላይ ነበር። ያም ሆኖ ባንኮቹ አልተዘረፉም ብለው ዛሬም ድረስ በኩራት ይተርካሉ። ለደም ልገሳ ሰልፍ ተይዟል፤ ለገንዘብ ግን አልተሮጠም። ቹን እነዚህን ሰዎች «ሁከት ፈጣሪዎች» አላቸው። አንድ ቅርንጫፍ ያለ ዘበኛ አንድ ሌሊት ማሳደር ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው በዚህ ስም ይስቃል፤ ሳቁ ግን አያስደስትም።

በሜይ 27 ንጋት ጦሩ ተመልሶ ገባ። እንደሚሞቱ እያወቁ በጽሕፈት ቤቱ የቀሩ ነበሩ፤ የሕዝቡ ቃል አቀባይ ዩን ሳንግ ዎን አንዱ ነው። የሞቱት ሲቪሎች ከ160 በላይ መሆናቸው በይፋ ይታወቃል፤ የደረሱበት ያልታወቀም አሉ፤ በቁጥሩ ላይ ያለው ክርክር አልተዘጋም። ቹን በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1996 ሞት ተፈረደበት፣ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ ዝቅ አለለት፣ በ1997 መጨረሻ በይቅርታ ወጣ፣ በ2021 ይቅርታ ሳይጠይቅ በቤቱ ሞተ።

ሌላው ጠቤ ከእኛው ከሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ጋር ነው። «ጥበብ ከፖለቲካ ይራቅ፤ የዕለት ወሬ ግጥምን ያረክሳል» የሚል ስብከት በየመድረኩ እንሰማለን። ሰባኪዎቹ በኦክቶበር 2024 ሃን ካንግ የኖቤል ሽልማት ማግኘቷን ሲሰሙ ከሁሉ ቀድመው አጨበጨቡ። ምን ጽፋ እንደ ተሸለመች ጠይቀው ይሆን? ሃን ካንግ በ1970 በጓንግጁ ተወለደች፤ ቤተሰቧ ወደ ሴኡል የሄደው ከእልቂቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። በ2014 ያሳተመችው፣ ስሙ ከኮሪያኛ ሲመለስ «ልጁ ይመጣል» የሚሆነው ልብ ወለድ፣ በእነዚያ የሜይ ቀናት አስከሬን ስለሚጠብቅ ልጅ ነው። ዋጋ ከፍላበታለች። የፓርክ ቹንግ ሂ ልጅ ፓርክ ግውን ሄ በገዛችበት ዘመን የመንግሥት ድጋፍ እንዳያገኙ ከ9 ሺህ በላይ የጥበብ ሰዎች ስም በጥቁር መዝገብ ሰፍሮ ነበር፤ የእርሷም ስም በዚያ ነበረበት። መንግሥት ጥበብን ከፖለቲካ ለይቶ አላየም። ለይተን እንይ የምንለው እኛ ብቻ ነን።

ሃን ካንግ በዲሴምበር 7 ቀን 2024 በስቶክሆልም ባሰማችው ንግግር፣ ያለፈው የአሁኑን ይረዳ ይሆን፣ ሙታንስ ሕያዋንን ያድኑ ይሆን ብላ ጠይቃ ነበር። ጥያቄው የተነሣው ከአራት ቀን በፊት በሴኡል የሆነው ከሆነ በኋላ ነው። በዲሴምበር 3 ምሽት፣ በእኛ አቆጣጠር 4 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል በቴሌቪዥን ቀርቦ ወታደራዊ ሕግ አወጀ። በ1980 የነበረው ትውልድ ያንን ቃል ሲሰማ ትርጉም አላስፈለገውም። ሰዎች የሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው ወደ ምክር ቤቱ ሮጡ፤ ከጦር መኪና ፊት ቆሙ። የሕዝብ እንደራሴዎች አጥር ዘለው ገቡ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የተገኙት 190 እንደራሴዎች በሙሉ ድምፅ ሕጉ ይነሣ አሉ፤ ሊነጋ ሲል ተነሣ። በዲሴምበር 14 ምክር ቤቱ ፕሬዚዳንቱን ከሥራ አገደ፤ በኤፕሪል 4 ቀን 2025 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ስምንት ዳኞች በአንድ ድምፅ ከሥልጣን አሰናበቱት።

በእነዚያ የክረምት ሳምንታት ማዕዱ ተመልሶ መጣ። አደባባይ መውጣት ያልቻለ ሰው በአካባቢው ካሉ ቡና ቤቶችና ጊምባፕ ቤቶች ስልክ እየመታ ለማያውቀው ሰው ሒሳብ ይከፍል ጀመር። ጊምባፕ በባሕር ሣር የተጠቀለለ ሩዝ ነው። ብርድ ላይ ቆሞ ያመሸ ወጣት ወደ ቡና ቤቱ ገብቶ «ሒሳቡ ተከፍሏል» ይባላል። ማን ከፈለው? አይታወቅም። ከያንግዶንግ ሴቶች እስከዚህ ያለው መንገድ 44 ዓመት ነው። ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ያለው ሕዝብ ከ2 ሺህ በታች የነበረው ያደረገውን ደገመ። «ከጠገቡ በኋላ ነው» የሚል ካለ እኔ ማስረጃውን አላየሁም።

ስለዚህ የኮሪያን ስም እያነሣችሁ ዝም እንድንል የምትመክሩን ወገኖች ሆይ፣ ኮሪያን ተዉልን። ዝምታን የሚያስተምር አገር ከፈለጋችሁ ሌላ አገር ፈልጉ። «ልማታዊ» የሚለው ቅጽል ከየት እንደ ተቀዳ እናውቃለን፤ ስትቀዱ የጆን ቴ ኢልን ገጽ ዘላችሁ፣ የጓንግጁንም ገጽ ዘላችሁ። ለልጆቻችን ፋብሪካውን ስታሳዩ ጎዳናው ላይ የተጣደውን ድስትም አሳዩ።

የጓንግጁ ከተማ አስተዳደር በ2019 ሰባት ምግቦችን የከተማዋ መታወቂያ አድርጎ መርጧል። በሰላጣ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚበላው ጥብስ አለበት፤ በሙድንግ ተራራ ግርጌ የሚበላው የገብስ ሩዝ ከነቅጠላ ቅጠሉ አለበት፤ የዳክዬ ሾርባ አለበት። የሩዝ ጭብጦም አለበት። ዛሬ በምግብ ቤት ሥጋና አይብ ተጨምሮበት፣ በሰሃን አሸብርቆ፣ ዋጋ ተጽፎለት ይሸጣል። መሸጡ ቅር ቢለኝም ከመረሳት ይሻላል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ ግማሽ ልቤ ግን አይጽናናም። ደግነቱ በየዓመቱ ሜይ ሲመጣ በጉምናም ጎዳና ላይ ድስቱ እንደገና ይጣዳል። አሮጊቶቹ እጃቸውን ያረጥባሉ፤ ሩዙን ይጨብጣሉ፤ ላለፈ አግዳሚ ሁሉ ያድላሉ። ጨው ብቻ ነው ያለበት። ሒሳብ አይጠየቅም።