ለጠባብ ይዞታ ሕጋዊ መውጫ ይበጅለት!

የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የመንገድ ዳር ግቢዎችን ፊት እየቆረጠ አጥራቸውን ወደ ውስጥ ሲያስገባ፣ ለዓመታት በየቤቱ ሲጉላላ የኖረ ጉዳይ አደባባይ ወጥቷል። ድሮም ጠባብ የነበረው ቦታ ይበልጥ ጠቧል። በቀረው ላይ ምን መገንባት ይቻላል? ለወራሾችስ እንዴት ይከፈላል? ባለይዞታው ይህን ሲጠይቅ የሚሰማው መልስ አጭር ነው፤ ‹‹ከወሰን መራቅ ያለበትን ርቀት አያሟላም፣ ካርታው አይከፈልም።›› የከተማዋን መዋብና የእግረኛ መንገዱን መስፋት የምንነቅፍበት ምክንያት የለም። የሚያሳስበን ከአዲሱ አጥር ጀርባ የቀረው ነዋሪ ነው።

ቤት ከአዋሳኝ ወሰን ፈቀቅ ብሎ ይሠራ መባሉ አግባብ ነው። የጣሪያ ውኃ ጎረቤት ግቢ እንዳይወርድ፣ መስኮት የሰው ጓዳ እንዳያይ፣ ብርሃንና አየር እንዲገባ፣ እሳት ከቤት ወደ ቤት እንዳይዘል የተደነገገ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ መተላለፊያ ያጡትን የእሳት አደጋ ሠራተኞች ያየ ሰው ይህን አይከራከርም። ችግሩ ደንቡ ሰፊ ግቢን ብቻ ያየ መሆኑ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ወርዱ 10፣ ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ ይዞታ ለሁለት ወንድማማቾች ይከፈል እንበል። በርዝመቱ ቢሰነጠቅ ለእያንዳንዱ 5 ሜትር ወርድ ይደርሰዋል፤ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ሜትር ተው ከተባለ ለቤቱ የሚተርፈው 1 ሜትር ነው። በወርዱ ቢቆረጥ ደግሞ የኋለኛው ከመንገድ ይቋረጣል። 3 ሜትር መግቢያ ይተውለት ቢባል ፊተኛው ከ100 ካሬው 30ውን ያጣል። በዚህ ስሌት የአብዛኛው ነባር ሰፈር ቦታ ‹‹አይከፈልም›› ከሚለው መልስ አያመልጥም።

አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ከፈቀደ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ያኔ የነበረው አንድ ቤተሰብ ዛሬ ልጆች፣ የልጅ ልጆችና ምራቶች ያሉበት ሆኗል። ወራሾች ፍርድ ቤት ሲደርሱ ቦታው በዓይነት የማይከፈል ከሆነና ካልተስማሙ መጨረሻው ሐራጅ ነው። በሊዝ አዋጁ 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ አይገባም፤ በሽያጭ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ግን ይገባል። ገዢው ይህን አስልቶ ዋጋ ይሰብራል። ወላጅ ላቡን ያፈሰሰበት ግቢ የሚሸጠው ልጆቹ ስለፈለጉ ሳይሆን ሕጋዊ የመከፈያ መንገድ ስላላገኙ ነው።

ሐራጁን የፈራ ቤተሰብ በሽማግሌ ፊት ይፈራረምና ግቢውን በቆርቆሮ አጥር ይከፍለዋል። ካርታው ግን ያው አንድ ነው። ድርሻው ላም አለኝ በሰማይ ሆኖበት፣ ባንክ ሄዶ አያስይዘው፣ የግንባታ ፈቃድ አይጠይቅበት። ከዚያ ሰርቪስ ቤቱ ያለ ፕላን ከአጥሩ ጋር ተጣብቆ ይነሳል፤ ፎቅም ይጨመርበታል። ይጠበቅ የተባለው ርቀት የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው፤ እሳትን የሚያቆም ግድግዳም፣ ሥራውን የሚያይ መሐንዲስም የለም። ክልከላው የታገለለትን ደኅንነት ራሱ አሳጥቶናል።

መመሪያው በግልጽ ለሕዝብ ካልቀረበ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ባለሙያ መመሪያ ይሆናል። በአንዱ ጽሕፈት ቤት የተከለከለ በሌላው ይፈቀዳል የሚለው የባለጉዳዮች ቅሬታ የሚመለከተው አካል ጆሮ ሊሰጠው የሚገባ ነው። ‹‹አይቻልም›› በበዛበት ቦታ ደላላና ጉዳይ አስፈጻሚ መበራከታቸውም አያስገርምም።

መፍትሔው ከዓይናችን ሥር ነው። ኮንዶሚኒየሞች በጋራ ግድግዳ ተያይዘው ይኖራሉ፤ የሪል እስቴት አልሚዎችም ተያያዥ ቤቶችን ሠርተው ሸጠዋል። ለእነዚህ የተፈቀደ ለወንድማማቾች የሚከለከልበት ምክንያት አይታየንም። ወራሾች በስምምነት በጋራ ወሰናቸው ላይ እሳት የሚቋቋም፣ መስኮት የሌለው አንድ ግድግዳ እንዲያቆሙ ይፈቀድ፤ ብርሃንና አየር ከፊትና ከኋላ ይግባ። ለውጭ ጎረቤት የሚተወው ርቀት እንዳለ ይጠበቅ። ለኋለኛው ይዞታ የሚተወው መተላለፊያም ካርታው ላይ ይስፈር፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በሌላው መሬት ላይ የመተላለፍ መብትን ያውቃል፣ አዲስ ፈጠራ አያስፈልግም።

የከተማው አስተዳደር ይህን የሚፈቅድ ግልጽ መመሪያ ያውጣ፤ የከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴርም ለሌሎች ከተሞች የሚሆን ማዕቀፍ ያዘጋጅ። ለባለጉዳይ የሚሰጠው ‹‹አይቻልም›› የሚል መልስ በጽሑፍ፣ የሕግ አንቀጽ ተጠቅሶበትና ይግባኝ የሚባልበት ቦታ ተመልክቶበት ይሁን። ከሁሉ አስቀድሞ ግን በኮሪደር ልማት ፊቱ የተቆረጠ ይዞታ ከመቆረጡ በፊት በነበረው ስፋት ይታይ። መንግሥት ለልማት ብሎ ያሳነሰውን ቦታ መልሶ ‹‹አነሰ›› ብሎ ፈቃድ መንፈግ ከፍትሕም ከልማትም የሚጣላ ነው።