ችሎቱ ተዘግቶ ቴሌቪዥኑ ተከፈተ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

  

ጥር 14 ቀን 2005 የወኪሎቻችን ጉዳይ የሚታይበት ችሎት ለቤተሰብም፣ ለጋዜጠኛም፣ ለታዛቢም ተዘጋ። በሁለት ሳምንቱ፣ ጥር 28 ቀን ማታ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጅሐዳዊ ሐረካት» የሚል ፊልም ለአገር ሁሉ አሳየ። ፍርድ ቤቱ ፊልሙ እንዳይተላለፍ ያወጣው እግድ እያለ ነው የታየው። እነዚህን ሁለት ቀኖች አንድ ላይ አድርገን እንያቸው። ክፍት መሆን የነበረበት ችሎት ተዘጋ። ምስጢሩ መጠበቅ የነበረበት የምርመራ ክፍል ደግሞ ለሚሊዮኖች ተከፈተ።

ይህ ለሕግ ባለሙያ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም። ሕገ መንግሥቱ የተጻፈው ለኛም ጭምር ነው፤ ማንበብም እንችላለን። አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በግልጽ ችሎት የመዳኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ችሎት የሚዘጋባቸውን ምክንያቶችም ያስቀምጣል፤ አንዱ የአገር ደኅንነት ነው። እንግዲህ እንጠይቅ። ጉዳዩ ለአገር ደኅንነት ሲባል እናት እንኳ ገብታ ልትሰማው የማይገባ ከሆነ፣ ያው ጉዳይ በፊልም ተቀናብሮ በየሳሎኑ እንዴት ሊታይ ቻለ? ምስጢር ከሆነ ለምን ታየ? ምስጢር ካልሆነ ችሎቱ ለምን ተዘጋ? ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው። የሚመለከተው አካል የትኛው እንደሆነ ይንገረን።

ይኸው አንቀጽ ተከሳሽ በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ እንደማይቆጠርም ይደነግጋል። አንቀጽ 19 ደግሞ በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ እንደማይሆን ይናገራል። ፊልሙ ያሳየን በእስር ላይ ሳሉ የተቀረጹ ሰዎችን ነው። ካሜራውን የያዘው አሳሪው፣ ጠያቂው አሳሪው፣ ቆርጦ የቀጠለውም አሳሪው ነው። እስረኛው ከዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር በፊት ምን ተባለ? ከዚያስ በኋላ ምን ብሎ ነበር? ተመልካቹ አያውቅም። በችሎት ቢሆን ጠበቃ ተነስቶ ይጠይቅ ነበር፣ ዳኛም ያዳምጥ ነበር። ቴሌቪዥን መስቀለኛ ጥያቄ የለውም።

ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ዛሬ ሞባይል የያዘ ልጅ ሁሉ ያውቃል። የማሊን ታጣቂ አሳይ፣ የናይጄሪያን ፍንዳታ አስከትል፣ ከዚያ የአወሊያን ግቢ አምጣ፣ ከሥር የሚያስፈራ ሙዚቃ ልቀቅ። አንድም ማስረጃ ሳታቀርብ ተመልካቹ ሦስቱን አንድ ያደርጋቸዋል። አወሊያ ኮልፌ ነው፤ ባማኮ አይደለም። ከጥር 2004 ጀምሮ በየጁሙዓው የተሰበሰበው ሕዝብ የያዘው በወረቀት የተጻፈ ጥያቄ እንጂ ጠመንጃ አልነበረም። ይህን አንዋር መስጂድ አካባቢ ሱቅ ያለው ክርስቲያኑ ነጋዴም ይመሰክራል።

ጥያቄዎቻችንስ ምን ነበሩ? ሦስት ናቸው፤ ሕፃናት እንኳ በቃላቸው ይዘዋቸዋል። የመጅሊስ አመራሮች ሕዝቡ በየመስጂዱ በሚያደርገው ምርጫ ይተኩ። የአሕባሽ አስተሳሰብ በመንግሥት ድጋፍና በግዳጅ ሥልጠና በሕዝበ ሙስሊሙ ላይ መጫኑ ይቁም። አወሊያ ሕዝቡ በሚመርጠው ነጻ ቦርድ ይተዳደር። ከነዚህ ውስጥ «ኢስላማዊ መንግሥት» የሚል የትኛው ነው? ይልቁንም መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ይከበር ነው ያልነው። ጥያቄውን ያቀረቡትም በሕዝብ የተመረጡ 17 ሰዎች ናቸው። የፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር ድረስ በር አንኳኩተው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተነጋግረዋል። አሸባሪ ቀጠሮ ይዞ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ይሄዳል ወይ?

ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሐምሌ 6 ቀን 2004 ሌሊት ፖሊስ አወሊያ ገባ። በዚያው ሐምሌ ኮሚቴዎቻችን ታሠሩ። መስከረም 27 ቀን 2005 የመጅሊሱ ምርጫ በመስጂድ መሆኑ ቀርቶ በቀበሌ ተደረገ። ጥቅምት 19 ቀን 29 ሰዎች በጸረ ሽብር አዋጁ ተከሰሱ። አቡበከር አሕመድ፣ አሕመዲን ጀበል፣ ያሲን ኑሩ፣ ካሚል ሸምሱ ከነዚህ መካከል ናቸው። በሚንበር ላይ ስለ ሰብርና ስለ ሰላም ሲያስተምሩ የሰማናቸው ሰዎች ናቸው።

ይህ መንገድ አዲስም አይደለም። ኅዳር 2004 «አኬልዳማ» የተባለው ፊልም ፖለቲከኞችና ጋዜጠኞች ታስረው ሳለ ታየ፤ የጥፋተኝነቱ ፍርድ ሰኔ ላይ ተከተለ። ፊልም ይቀድማል፣ ፍርድ ይከተላል። ትናንት በሌላው ላይ ሲሠራ ዝም ያልን ብዙዎች ነን፤ ዛሬ ተራው የኛ ሆነ። ነገ የማን እንደሚሆን አይታወቅም። ስለዚህ ነገሩ የሙስሊሙ ብቻ አይደለም።

«ንጹሕ ከሆኑ ፍርድ ቤት ይፈታቸዋል፤ እናንተ ምን አስጮኻችሁ?» ያሉ ወንድሞች ነበሩ። መልሳችን አጭር ነው። የገዛ ፍርድ ቤታቸውን እግድ ያላከበሩት እኛ አይደለንም። ፍርድ ቤቱን እንድናምን የሚነግሩን ሰዎች አስቀድመው እነሱ ይታዘዙት። «እኛ ተራ ሰዎች ነን፣ ፖለቲካ አይመለከተንም» የሚሉም አሉ። ቴሌቪዥኑ በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ ነው፤ ተራው ሰው ለከፈለበት ነገር አስተያየት አለው። አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። ፊልሙ ሲታይ ግን የተከሳሾች ጠበቆች ለአምስት ደቂቃ እንኳ አልተጠየቁም። የራሳችን ድምፅ የነበረው «የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔትስ? ዋና አዘጋጁ ዩሱፍ ጌታቸው በ2004 ታሠረ፤ መጽሔቱም ከገበያ ጠፋ።

ይህች አገር ግን ሌላ የፍርድ ታሪክ አላት። የቁረይሽ መልእክተኞች ዐምር ኢብኑል ዓስና ጓደኛው ስጦታ ተሸክመው ነጃሺ ዘንድ ሲመጡ፣ የጠየቁት ስደተኞቹ ሳይሰሙ ተላልፈው እንዲሰጡ ነበር። በቤተ መንግሥቱ የነበሩት ሹማምንት ስጦታውን ተቀብለው ሐሳቡን ደገፉ። ንጉሡ ግን እምቢ አለ። ከሳሽ ባለበት፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ተከሳሾቹን አስጠራ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ ቆሞ ተናገረ፤ ንጉሡም እስኪጨርስ አዳመጠው። ነጃሺ በዚያ ቀን ክርስቲያን ነበር። የኢትዮጵያ ስም በዓለመ ሙስሊሙ ዘንድ እስከ ዛሬ በክብር የሚጠራው ዳኛው ሁለቱንም ወገን ስለሰማ ነው። እኛ ከዚህ የተለየ ነገር አልጠየቅንም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ፊልሙ ከታየ በኋላ በየእጃችን ያለው ስልክ ሥራ በዝቶበት ነበር። በብሉቱዝ፣ በሚሞሪ ካርድ፣ በፌስቡክ የሚዞረው ብዙ ነበር፤ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ የሰው ምኞት ነበር። የሌላ አገር ፎቶ የኛ ነው ተብሎ ተልኳል። «እገሌ ሞተ» ተብሎ እገሌ በሕይወት ተገኝቷል። ወዳጆቻችን! ይህ የትግሉ መሣሪያ ሳይሆን የትግሉ ምስጥ ነው። ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘዘን፣ ሳናውቅ ሰው በድለን ኋላ እንዳንጸጸት ነው። የኢፍኩ ወሬ በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ ሲነዛ ያስተላለፉት ሁሉ ጠላቶች አልነበሩም፤ ሰምተው የደገሙ ሙእሚኖችም ነበሩባቸው። ቆርጦ ቀጥሏል ብለን የምንወቅሰውን አካል ቆርጠን ቀጥለን አንመልስለትም። ስለዚህ ማን እንዳየው፣ የትና መቼ እንደሆነ የማይናገር መልእክት ከኛ ስልክ አይለፍ። የተሳሳተ ከላክን ለላክንለት ሰው ሁሉ እርማቱን እንላክ።

ሁለተኛው ግዴታችን ጎረቤት ነው። ፊልሙ የታለመው በፍርድ ቤቱ ላይ ብቻ አይደለም፤ በመንደራችን ላይም ነው። መድረሳ የምናስተምራቸው ልጆች በማግስቱ ትምህርት ቤት ሲሄዱ «እናንተም አሸባሪ ናችሁ?» ተብለው መጥተዋል። የጠየቋቸው ልጆች ክፉዎች አይደሉም፤ ቴሌቪዥን ያዩ ሕፃናት ናቸው። መልሱ መኮራረፍ ወይም ቡና መቅረት አይደለም። ለቅሶውን አብረን የተቀመጥነው፣ ዕቁቡን አብረን የጣልነው ክርስቲያን ጎረቤታችን ዘንድ ሄደን ሦስቱን ጥያቄዎች በአፋችን እንንገረው። ሃያ ዓመት አብሮን የኖረ ሰው ከአንድ ፊልም ይልቅ እኛን ያምናል፤ እኛ ዝም ካልን ግን የሚሰማው ፊልሙን ብቻ ነው።

ከመንግሥት በ2005 የጠየቅነው ግልጽ ነበር። ችሎቱ ይከፈት፤ ቤተሰብና ጋዜጠኛ ይግባ። የፍርድ ቤት እግድ የጣሰው አካል ይጠየቅ። ቴሌቪዥኑ ለከሳሽ የሰጠውን ያህል ሰዓት ለተከሳሾች ጠበቆች ይስጥ። ማስረጃ ያለው ሰው ብርሃን አይፈራም። ያላችሁን በዳኛ ፊት፣ በሕዝብ ፊት አቅርቡ፤ እኛም መጥተን እንሰማለን።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አላህ ለታሠሩት ወንድሞቻችን ጽናቱን፣ ለእናቶቻቸው ሰብሩን፣ ለፈራጆች ፍትሕን ይስጥ። አሚን።

ድምፃችን ይሰማ! አላሁ አክበር!