ስለ ሽለላና ስለ ፓንክ ለከሳሾች የተሰጠ መልስ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ «ባህላችን ተበላሸ» የሚል ጩኸት በሰማህ ጊዜ ማን አበላሸው ከማለትህ በፊት የሚጮኸው ማን እንደ ሆነ መርምር። እኔም ከጮኹት አንዱ ነበርሁና አውቀዋለሁ።

ነገሩ የጌታቸው መኩሪያ ነገር ነው። እኚህ የሳክስፎን ሊቅ ጦረኛ በዐውደ ውጊያ የሚያሰማውን ሽለላ ከ1950ዎቹ ጀምሮ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) በሳክስፎን ሲጫወቱ ኖሩ። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ሲደርስ ዘ ኤክስ ከሚባለው፣ በ1979 በሆላንድ ከተመሠረተው የፓንክ ባንድ ጋር ገጥመው በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አወጡ። ፓንክ ማለት በ1970ዎቹ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የተነሣ፣ ጊታሩ እንደ መጋዝ የሚገዘግዝ፣ ዘፋኙ ማንንም የማይለማመጥ ሙዚቃ ነው።

አልበሙን ስሰማ «ሽማግሌውን ፈረንጆች መጫወቻ አደረጓቸው» ብዬ ፈረድሁ። ፍርዴ ግን ሐሰት ነበረ። ባንዱ በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዘ፤ ከዚያ በኋላ «አጅቡኝ» ብለው የጠየቁት ራሳቸው ጌታቸው ናቸው። እኛ ጠበቃ የቆምንላቸው ሰው ጠበቃ አልጠሩም ነበር።

የባዕድ መሣሪያ ገባበት ይላሉ። ሳክስፎኑስ የማን ነው? ቤልጅጋዊው አዶልፍ ሳክስ የሠራው አይደለምን? በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ልጆች የነፉት ጥሩንባስ የሸማኔ ሥራ ነበረን? ትናንት የገባውን ባዕድ ዘመድ ብሎ፣ ዛሬ የገባውን በዱላ ማባረር ምን ዐይነት ፍርድ ነው?

ደግሞስ ሽለላ የግብዣ ዜማ አይደለም። ደም ያፈላል፤ ትንፋሹ ይረዝማል፣ ድንገትም ይቆረጣል፤ በተመተረ ምት አይታሰርም፤ ሸላዩ እንደ ሰዓቱ ቍጣ ይጨምርበታል፣ ይቀንስበታል። ይህንን ወስዶ በሆቴል መድረክ ላይ፣ እራት ለሚበላ እንግዳ በፈገግታ ማቅረብ «ባህል መጠበቅ» ሲባል፣ ያንኑ ቍጣ ከነቍጣው የተቀበሉት ፓንኮች አጥፊዎች ይባላሉ። (ጌታቸውም ጎፈር ለብሰው ይጫወቱ ነበር፤ የእኔ ጥል ከጎፈሩ ጋር ሳይሆን ከፈገግታው ጋር ነው።)

እናንተንም ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ጌታቸው በ2016 ዐረፉ። ከሠላሳ ዓመት ያህል በፊት የተቀረጸው ሥራቸው በ2003 በፈረንሳይ አገር፣ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 14ኛ ሆኖ እስኪታተም ድረስ ከእናንተ ወገን ስንቱ ስማቸውን ያውቅ ነበር? የባንዱን ታሪክ በቃሉ የሚነግረኝ አንድ ጎረምሳ «ሽለላና ፉከራ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብለው ራሱን አከከ።

በሰፈራችን ፉከራ እየሰሙ ያደጉ አንድ አዛውንት አሉ። አብረውኝ እንዲያወግዙ ብዬ ያን አልበም ከፈትሁላቸው። ጊታሩ ሲጀምር ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ ሳክስፎኑ ሲገባ ግን ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ።

«ይህስ የአገሬ ሰው ነው» አሉ። «ያ የሚገዘግዘውሳ ምንድን ነው?»

«ጊታር ነው፣ አባባ።»

ጥቂት አደመጡና «ጠላቱ መሆኑ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ።